የእንፍራንዙ ጸሐፊ ዘርዐ ያዕቆብ



መስከረም ሲጠባ ዕቅድ የማያወጣ ወጣት አይገኝም። አንዱ ዳዊት ሊደግም፣ ሌላው ግዕዝ ሊማር፣ ሦስተኛው በክፍሉ አንደኛ ሊወጣ ከራሱ ጋር ይዋዋላል። የአደይ አበባ ሳይጠወልግ ግን የዕቅዱ ብዙው ክፍል ይረሳል። ይህ የሚሆነው ወጣቱ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ ነው ብለን አናምንም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመፈጸም ያስባል፤ በአንድ ሳምንት አለመፈጸሙን ሲያይ ደግሞ ከናካቴው ይተወዋል። ስለዚህ በዚህ እትም በያዘው ነገር ጸንቶ ዕድሜውን ስለ ፈጸመ ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ ተነሥተናል። ሰውየውን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ፣ ጣናን በስተግራው ትቶ እንፍራንዝ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት እየተባለ የሚነገርለት ነው። መንገደኛው ግንቡን አይቶ ይደነቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። በዚህችው አገር ግን ግንብ ያልሠራ፣ ጦር ያልመራ፣ መቃ ብዕር ይዞ ብራና ሲጽፍና ልጆች ሲያስተምር 59 ዓመት የኖረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ዛሬ ስሙ በታላላቅ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነሣል። በጥንቱ መጽሐፍ የአገሪቱ ስም እንፍራዝ ተብሎ ስለሚጻፍ አንዳንድ አንባቢ የተለየ ቦታ ይመስለዋል እንጂ ይህችው እንፍራንዝ ናት።

ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ነው። ንጉሡ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው። የእኛው ዘርዐ ያዕቆብ ንጉሡ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተወለደ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። የዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት የምናውቀው ሐተታ ከሚባለው በግዕዝ ከተጻፈው መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ከኢትዮጵያ አገኘሁት ብሎ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንትዋን ዳባዲ ላከው። በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው የግዕዝ ሊቅ መጽሐፉን የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ጥራዝ ጻፉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። እኛም ፍርዱን ለሊቃውንቱ ትተን ታሪኩን ሐተታው እንደሚተርከው አድርገን እናቀርባለን።

ዘርዐ ያዕቆብ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አውራጃ ተወለደ። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ከድኽነቱ ጋር ልጁን ለትምህርት ሰጠው። ልጁም ዳዊት ደገመ። መምህሩ የልጁን አእምሮና ትዕግሥት አይቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቢላክ ሊቅ እንደሚወጣው ለአባቱ ነገረው፤ አባትየውም ዜማ እንዲማር ላከው።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ስለ ጽናት ልንጽፍ የተነሣንለት ሰው ዜማውን በሦስት ወር ተወው! ድምፁ ሻካራ፣ ጉሮሮው የማይገራ ነበረና ጓደኞቹ ይሥቁበትና ያፌዙበት ነበር። የቆሎ ተማሪ ኑሮን የሚያውቅ ሰው ይህ ፌዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ሲያባርረው ውሎ፣ ማታ ደግሞ ጓደኞቹ ድምፁን እያስመሰሉ ሲሥቁበት መስማት ቀላል አይደለም። ልጁ አዝኖ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ወደ አባቱ ማሳ ለመመለስ አልነበረም። ቅኔና ሰዋስው ወደሚያስተምር ሌላ መምህር ሄደ። በዚያም ከጓደኞቹ ሁሉ ፈጥኖ ስለተማረ የቀድሞው ኀዘኑ ተረሳለት፤ አራት ዓመትም ተቀመጠ።

እንግዲህ የተወው ዜማን ነው፤ ትምህርትን አልተወም። ብዙ ሰው ሁለቱን ነገር ይቀላቅላል። አንዱ የማይሆንለትን መንገድ በእልኽ ይዞ ዓመታት ያባክናል፤ ሌላው አንድ መንገድ አልሆን ስላለው ብቻ የሚሄድበትን አገር ጭምር ይተዋል። ዘርዐ ያዕቆብ በልጅነቱ ይህን መለየቱ በእኛ አስተያየት ከዚያ በኋላ ላደረገው ሁሉ መሠረት ነው።

በቅኔ ቤት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገባ። ሳይጎዳ ወጣ፤ መትረፉንም የእግዚአብሔር ተአምር እንጂ ሌላ ሊለው አልቻለም። የሚያስደንቀን ግን ከዚያ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። ረጅም ገመድ አምጥቶ የገደሉን ጥልቀት ለካ፤ 25 ክንድ ከስንዝር ሆኖ አገኘው። ከሞት ያመለጠ ልጅ ስንዝሯን እንኳ ሳይተው ሲለካ በዓይነ ልቡናችን ስናየው፣ የኋላው ጸሐፊ ከወዲሁ ይታየናል።

ከቅኔ ቤት ወጥቶ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ ሲማር ዐሥር ዓመት ቆየ። የአገራችንን ሊቃውንት ትርጓሜም የፈረንጆቹንም ተማረ። አንዳንዱ ትርጓሜ ከአእምሮው ጋር አልስማማ ይለው ነበር፤ እርሱ ግን ጥያቄውን በልቡ ሸሽጎ ዝም አለ። ይህችን ነገር አንባብያን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና።

ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አክሱም ተመለሰና አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው፣ በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ አገሩን ሁሉ ወደዚያው ለማዞር የሚጥርበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ሞተ፤ ብዙ መነኮሳት ተሰደዱ። ዘርዐ ያዕቆብ በጉባኤው ላይ የሁለቱንም ወገን ትርጓሜ እየገለጸ ያስተምር ነበር እንጂ አንዱን አይነቅፍም ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገን ጠላው። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ሰው፣ የንጉሡ ወዳጅ፣ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው።

ዘርዐ ያዕቆብ በሌሊት ሸሸ። ይዞት የወጣው ያለውን ጥቂት ወርቅና አንድ መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር። ወደ ተከዜ ወርዶ፣ ሰው ከማይደርስበት ገደል ግርጌ ዋሻ አገኘ፤ አውሬ እንዳይገባበትም በእሾህ አጠረው። በዚያ ሁለት ዓመት ኖረ። አልፎ አልፎ ወደ ገበያ ወይም ወደ መንደር ሲወጣ ሰው ሁሉ ለማኝ መነኩሴ እየመሰለው ምግብ ይሰጠው ነበር።

ይህን ሁለት ዓመት ረጋ ብለን እናስበው። ዕድሜው ሠላሳ አልፏል። ተማሪዎቹ ተበትነዋል፤ መምህር የነበረው ሰው ዛሬ ለማኝ ነው። ንጉሡ መቼ እንደሚሞቱ፣ ሃይማኖቱ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ቀኑን የሚቆጥርለት፣ ተግቶ ቢሠራ የሚያመሰግነው፣ ቢሰንፍ የሚገሥጸው መምህርም ሆነ ጓደኛ በአጠገቡ አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ራሱን ይጥላል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ዳዊቱን እየደገመ ይጸልይ ነበር። የቀረውን ጊዜውን በማሰብ አሳለፈ፤ በትምህርት ቤት በልቡ ሸሽጎት የነበረውን ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ መረመረው። ከሊቃውንት ጋር ሆኖ ከተማረው ይልቅ በዋሻው ውስጥ ብቻውን የተማረው እንደሚበልጥ በመጽሐፉ ይናገራል።

ከዳዊት ጋር ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው መዝሙሩ ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እየተባለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል፤ እሑድ የነቢያቱ መኃልይ ይደገማል። አንድ ቀን ያጎደለ ሰው ዕዳው ለማግሥቱ ይተላለፍበታል። አባቶቻችን ይህን ሲሠሩ ሰው ሁልጊዜ ልቡ እንደማይነሣሣ ያውቁ ነበር። ልብ ባይነሣሣም የማክሰኞው ድርሻ የማክሰኞ ነው፤ ሰው ተነሥቶ ያደርሰዋል።

በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ዐፄ ሱስንዮስ የአገሩን ሃይማኖት መለሱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አረፉ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ነገሡ። ዘርዐ ያዕቆብም ከዋሻው ወጥቶ አማራንና በጌምድርን አቋርጦ ሲጓዝ እንፍራንዝ ደረሰ። ዕድሜው ወደ 34 ዓመት ነበር። በእንፍራንዝ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ሰው በእንግድነት ተቀበለው። በማግሥቱ ዘርዐ ያዕቆብ አክሱም ላሉት ዘመዶቹ ደብዳቤ ለመላክ ፈልጎ ቀለምና መጻፊያ ለመነ። ሀብቱም መጻፍ መቻሉን ሰምቶ፣ ጥቂት ቀን ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊት እንዲጽፍለትና ዋጋውንም እንዲቀበል ጠየቀው። እርሱም እሺ አለ።

ለጥቂት ቀን ተብሎ የተጀመረው መቀመጥ 59 ዓመት ሆነ።

ዳዊት መጻፍ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለማያውቁ ወጣቶች ጥቂት እንግለጽ። በመጀመሪያ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይፋቃል። ከዚያ በልኩ ተቆርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ተበጥብጦ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ቀዩ ለአርእስቱና ለቅዱሳን ስም ለብቻው ይዘጋጃል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዳዊት ሲጻፍ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለበትና ፊደሉን ማስፋትም ማጣበብም በልክ ነው። የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ተፍቆ ይታረማል፤ አብዝቶ የሚሳሳት ጸሐፊ ብራናውን ይበሳዋል። 150ው መዝሙር ሲያልቅ 15ቱ የነቢያት መኃልይ፣ ከዚያ መኃልየ መኃልይ፣ ከዚያ ውዳሴ ማርያም ይቀጥላል። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ፊደል የመጀመሪያውን መምሰል አለበት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንም በደስታ ያሳምራል፤ ወገብ ከደከመ፣ ዓይን ከፈዘዘ በኋላ ያው ፊደል ሳይዛነፍ መውጣቱ ነው ጸሐፊን ጸሐፊ የሚያሰኘው።

የዘርዐ ያዕቆብ ጽሕፈት ያማረ ስለነበረ ዳዊቱ ሲፈጸም የእንፍራንዝ ሰዎች እያዩ አደነቁ። አንዱ ዳዊት እንዲጽፍለት፣ ሌላው ደብዳቤ እንዲጽፍለት ይለምነው ጀመር። ልፋቱንም የሚክሱት ልብስና ከብት በመስጠት ነበር። ከዚህ ጋር የሀብቱን ልጆች ያስተምር ነበር። ከእነዚህ አንዱ ወልደ ሕይወት፣ በቤት ስሙ ምትኩ የሚባለው ነው። በእኛ በኩል ከዘርዐ ያዕቆብ ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህን ልጅ ማስተማሩ ይመስለናል።

በእንፍራንዝ ዘርዐ ያዕቆብን ሰው ሁሉ መነኩሴ አድርጎ ያየው ነበር። እርሱ ግን አለመመንኮሱን ለሀብቱ ገልጦ ሚስት ለማግባት እንደሚሻ ነገረው። በቤቱ ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ ያማረ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ትዕግሥተኛ ነበረች። ሀብቱ ከእንግዲህ የእርሱ አገልጋይ እንድትሆን ሊሰጠው ሲል ዘርዐ ያዕቆብ አልተቀበለም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታዋ ሳይሆን ባሏ መሆን እንደሚፈልግ ተናገረ። ይህ የሆነው በ17ኛው መቶ ዓመት መሆኑን አንርሳ። እርሷም ወድዳ ተጋቡ፤ ወንድ ልጅም ወለዱ።

እነዚህ ዓመታት በአገራችን ታሪክ ታላላቅ ነገሮች የተደረጉባቸው ናቸው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በዚያም ግንብ በግንብ ላይ ተሠራ፤ ነገሥታት ተተካኩ። ዘርዐ ያዕቆብ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዶ ሹመት የመፈለግ አሳብ አልነበረውም። በአክሱም ቤተ መንግሥትን የቀረበ ሰው ምን እንዳደረገው አይቷልና አንፈርድበትም። እርሱ ይጽፋል፣ ያስተምራል፣ በጻፈበት ዋጋ ቤቱን ያስተዳድራል። ስለዚህ ዘመኑ ብዙ የምንተርከው የለንም፤ ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ምናልባት የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ዘመን በአንድ መስመር የሚያልፉት ለዚህ ነው። ብዙ ነገር የሚሠራው ግን በዚሁ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስባታለን ወዳልናት ነገር እንምጣ። ዘርዐ ያዕቆብ በትርጓሜ ቤት ሳለ በልቡ የሸሸጋት ጥያቄ ከእርሱ አልተለየችም። የሰው ልጅ እውነትን እንዴት ያውቃል? ሰዎች በሃይማኖት ለምን ይለያያሉ? እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው አእምሮ ሥራው ምንድን ነው? ይህን በወጣትነቱ ጠየቀ፤ በዋሻ መረመረው፤ በእንፍራንዝም ብራና እየፋቀ፣ ልጅ እያሳደገ ሲያውጠነጥነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ። ከፍርሃትም የተነሣ ለብዙ ሰው አልገለጠውም። ተማሪው ወልደ ሕይወት ግን ያውቅ ነበርና ሳይሞት በጽሑፍ እንዲያኖረው ወተወተው። ዘርዐ ያዕቆብም በ1660 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመቱ፣ ሐተታን ጻፈ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቀን ተነብቦ ያልቃል።

ስለ መጽሐፉ ይዘት በግልጽ መናገር ይገባናል። ስለ እግዚአብሔር መኖር፣ ስለ ጸሎትና ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የጻፈው እጅግ የሚያጠግብ ነው። ስለ ጾም፣ ስለ ምንኵስናና ስለ አንዳንድ ሥርዓት የጻፈው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጋር አይስማማም። መጽሐፉን የሚያነብ ወጣት ይህን ዐውቆ፣ ያልገባውን መምህራንን እየጠየቀ ያንብብ። እኛ ስለ ሰውየው የጻፍነው በአሳቡ ሁሉ ስለተስማማን አይደለም። በአውሮፓ ደካርት የተባለው ፈላስፋ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣ እንደነበረና ሁለቱን የሚያስተያዩ ሊቃውንት እንዳሉም ለማወቅ ያህል እንጠቅሳለን። ደካርት የተወለደው በ1596 እ.ኤ.አ. ነውና ከዘርዐ ያዕቆብ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ነው።

ሐተታን ከጻፈ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ሌላ 25 ዓመት ኖረ። የልጅ ልጆቹንም አየ። በ93 ዓመቱ በእንፍራንዝ ዐረፈ፤ ይህን የምናውቀው ወልደ ሕይወት በመምህሩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ ጻፈው ነው። ዳዊት ይጻፍለት ብሎ እንግዳውን ያስቀረው የሀብቱ ልጅ እርሱም በተራው ሸመገለ፤ መቃ ብዕሩንም ይዞ ለወጣቶች የራሱን ሐተታ ጻፈ። በውስጡም ሰው በእጁ ሠርቶ እንዲበላ፣ ባልና ሚስት እንዲተሳሰቡ፣ ልጆችም ከሕፃንነታቸው ሥራና ትምህርት እንዲለምዱ መክሯል።